ሰማይን በጋራ መጠበቅ፤ የኪዳን ዋጋ በምን ይለካል?

ከጣራ ገዳም ተራራ ቁልቁል ሲመለከቱ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ዳርቻ ተዘርግቶ ይታያል። የዚህ ሜዳ ገበሬ ከማንም በላይ ጠንቅቆ የሚያውቀው ሐቅ አለ። ርብና ጉማራ ሞልተው ማሳውን የሚያጥለቀልቁት እርሱ ደጅ በጣለው ዝናብ ብቻ ሳይሆን ጉና ላይ በወረደው ጭምር ነው። በመሆኑም ልጆቹንና ከብቱን ከጎርፍ የሚያድነው የራሱ ዓይን ብቻ አይደለም፤ የደገኛው ወገኑ ወቅታዊ ጥሪ ጭምር እንጂ። በዘመናችን የተባባሪ አገሮች ጦር ኃይሎች ሰማያቸውን ከአውሮፕላንና ከሚሳይል ለመከላከል የሚያደርጉትን ትብብር ለመገንዘብ ከዚህ የቀረበ መነሻ አናገኝም።

እንደሚታወቀው፣ በምድር ላይ የቆመ የተለመደ የአየር መከላከያ ራዳር ተራራን ሰንጥቆ፣ የመሬትን ክብነት አልፎ አያይም። ስለሆነም የአየር መከላከያ ሦስት ነገሮችን አጣምሮ ይጠይቃል፤ አስቀድሞ የሚያይ ዓይን፣ የታየውን ሳይዘገይ የሚያደርስ መገናኛ፣ በመጨረሻም የሚመታ ክንድ። የጎረቤት አገር ራዳር ያየውን ወዲያው ካካፈለ፣ ተከላካዩ የሚያተርፈው እጅግ ውድ የሆነውን ነገር፣ ማለትም ጊዜን ነው።

ሚያዝያ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ኢራን ወደ እስራኤል ከ300 በላይ ሰው አልባ አውሮፕላኖችና ሚሳይሎች ስታስወነጭፍ ይኸው በገሐድ ታይቷል። ሰው አልባዎቹ አውሮፕላኖች ሰዓታት የሚፈጅ መንገድ ነበረባቸው፤ የባሊስቲክ ሚሳይሎቹ ጉዞ ግን በደቂቃዎች የሚቆጠር ነበር። አብዛኞቹ ዒላማቸውን ሳይመቱ የቀሩት በእስራኤል መሣሪያ ብቻ ሳይሆን፣ አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ዮርዳኖስ በየበኩላቸው በመካፈላቸው ነው። በአውሮፓም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በጀርመን አነሣሽነት በርካታ አገሮች የአየር መከላከያ መሣሪያን በጋራ ለመግዛትና ለማቀናጀት ተስማምተዋል።

ይሁን እንጂ ኪዳን ሁሉ ጋሻ አይደለም። ይህን የኢትዮጵያ ሕዝብ የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከደሙ ነው። አገራችን በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ የማኅበሩ ቃል ኪዳን በ16ኛው አንቀጹ፣ ውሉን አፍርሶ አንዱን አባል በጦር ያጠቃ ሁሉንም እንዳጠቃ ይቆጠራል ይል ነበር። የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓድዋን፣ ኅዳር 26 ቀን ደሴን ሲደበድቡ ግን የዚያ ቃል ባለቤት አልተገኘም። በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ቢጣልም፣ ቦምብ ጣዮቹን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ አልተከለከለም፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። የራሷ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያልነበራት ኢትዮጵያ ግን የፀረ አውሮፕላን መሣሪያ እንደ ልቧ እንዳትገዛ ታግዳ ቆየች። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ኋላ ሆነው የተነሡት ፎቶግራፍ የጀግንነት ምስክር ነው፤ የብቸኝነትም ምስክር ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የ1969 ዓ.ም. ነው። የዚያድ ባሬ ጦር በሶቪየት ሚግ አውሮፕላኖች ታጅቦ ሲወር፣ የእኛ አብራሪዎች ሰማዩን ያስከበሩት በአሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-5 ነበር። አሜሪካ ግን በዚያው ዓመት የመሣሪያ አቅርቦቷን አቋርጣ ነበር። ከኅዳር 1970 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ትናንት ሶማሊያን ያስታጠቀችው ሶቪየት ኅብረት መሣሪያዋን በአየር እያጓጓዘች ለኢትዮጵያ አቀረበች፤ የኩባ ወታደሮችም ከጎናችን ተሰለፉ። የካቲት 26 ቀን ጅግጅጋ ነጻ ወጣች። በአንድ ጦርነት ውስጥ ወዳጅና ባላንጣ ቦታ መለዋወጣቸው ልናጤነው የሚገባን ነው። መሣሪያ የሚያበድር መለዋወጫውንም ይይዛል፤ መለዋወጫውን የያዘ ደግሞ የሰማዩን ቁልፍ ይዟል።

ይህ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽት፣ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከትግራይ የተተኮሱ ሮኬቶች በጎንደርና በባሕር ዳር አየር ማረፊያዎች ላይ አነጣጥረው ነበር። ወረታ የምትገኘው ሁለቱን ከተሞች በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ ነው። በዚያው ጦርነት ሰኔ 15 ቀን በትግራይ የቶጎጋ ገበያተኞች ከአየር በወረደ ቦምብ አልቀዋል። ከሰማይ የሚወርድ እሳት ገበሬና ወታደር፣ ሕፃንና አዛውንት ብሎ አይመርጥም።

እንግዲህ የኪዳን ዋጋ በሥነ ሥርዓት ፊርማ አይለካም። ራዳሩ ያየውን ማን ያገኘዋል? በአደጋው ደቂቃ የተኩስ ትእዛዝ የሚሰጠው ማን ነው? ወዳጅ ፊቱን ቢያዞር በእጃችን የሚቀረው ዕውቀትና መለዋወጫ ምን ያህል ነው? የአፍሪካ ኅብረት በ1997 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ያጸደቀው የጋራ መከላከያ ስምምነትም በአንዱ አባል ላይ የሚቃጣ ወረራ በሁሉም ላይ እንደተቃጣ ይቆጠራል ይላል። በ1928 ዓ.ም. ተመሳሳይ ቃል ሰምተን ነበርና፣ ይህኛው ዓይን፣ መገናኛና ክንድ እንዲኖረው መጠየቅ መብታችን ብቻ ሳይሆን ግዴታችንም ነው።

የቀበሌ ነዋሪውና ሠራተኛውም ተመልካች አይደለም። የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሲሰማ የት እንደሚጠለል አስቀድሞ መወሰን፣ ያልፈነዳ ተተኳሽ ሳይነኩ ለሚመለከተው ማሳወቅ፣ ፍንዳታ በደረሰበት ቦታ አለመሰብሰብ፣ አሉባልታ አለመንዛት፣ እነዚህ ሁሉ የአየር መከላከያ አካል ናቸው። የደገኛው ጥሪ ዋጋ የሚኖረው ቆለኛው ሰምቶ ሲነሣ ነው። ወዳጅን ማክበር ይገባል፤ ዘቡን ግን ለወዳጅ ብቻ ትቶ መተኛት አይገባም።