ያውቁ ኖሯል? ፕሮሰሰርም እንደ ቡና ከሥሩ ነፋስ ይሻል

ያውቁ ኖሯል? ብዙ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን ለማትረፍ ፍጥነታቸውን የሚቀንሱት ሙቀታቸው ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነው። ማጂ ከተማ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ጀበና ውስጥ ያለው ውሃ የሚፈላው ገና 93 ዲግሪ ሳይደርስ ነው። ሥራ የበዛበት ፕሮሰሰር፣ እንግዲህ፣ ከሚንተከተክ ጀበና በላይ ሊግል ይችላል ማለት ነው። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ቴፒ ሲወርዱ ውሃው 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል።

ያውቁ ኖሯል? የማጂ ብርድ ለኮምፒውተር ደግ ቢሆንም አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ እኩል ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ቴፒ ላይ አየሩ ወፈር ቢልም ይሞቃል፤ ክፍሉ 10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ፕሮሰሰሩም፣ ሥራው ሳይጨምር፣ 10 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች የሚማሩት በዚሁ በሞቃቱ በቴፒ ግቢ ስለሆነ ነገሩ በቅርብ የሚመለከተው እነሱን ነው።

የታጠበ ቡና ለምን መሬት ላይ እንደማይሰጣ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ከላይ ፀሐይ፣ ከሥር ነፋስ እንዲያገኝ። ርጥብ ቡና ተከምሮ ካደረ መሐሉ ይሞቃል፣ ይሻግታል። አብዛኛው ላፕቶፕም ቀዝቃዛ አየር የሚስበው ከሆዱ በኩል ነው። በብርድ ማታ ጋቢ ላይ ወይም ፍራሽ ላይ ሲያስቀምጡት አፉን አፍነው ሥራ አዘዙት ማለት ነው። ከኋላ በኩል ሁለት የጠርሙስ ክዳን ከእግሮቹ ሥር ያድርጉለት፤ የላፕቶፕ አልጋ ይሄው ነው።

ሚዛን ከተማ ላይ አንድ ወዳጄ ላፕቶፑን ሲያስከፍት አጠገቡ ቆሜ ነበር። ጀንፈል የሚፈለፈልበት ወፍጮ ከቤቱ ብዙ አይርቅም። የፋኑ ምላሶች ንጹሕ ይመስሉ ነበር፤ ጠጋኙ ግን ፋኑን ሲያነሣ፣ ከፋኑና ሙቀቱን ከሚያስወጡት የመዳብ ክንፎች መካከል ቡናማ ነገር ተጋድሞ አየን። በወረንጦ ሲስበው እንደ ብርድ ልብስ ቅዳጅ በአንድነት ወጣ። የገለባ ብናኝ፣ የልብስ ክርና የዝናቡ አገር ርጥበት አንድ ላይ ተጋግረው ነው። ፋኑ ወራት ሙሉ ሲጮህ የነበረው በዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ከተዘጋ በኋላ ላፕቶፑ በርቶ እንደሆነ ለማወቅ ጆሮ ማስጠጋት ነበረብን።

ያውቁ ኖሯል? አቧራውን በአፍ እፍ ማለት ምራቅና ርጥበት መጨመር ነው። በአየር መንፊያ ሲያጸዱም የፋኑን ምላስ በጣት ይዘው ይሁን፤ ያለ ልክ ከተሽከረከረ ይጎዳል።

ያውቁ ኖሯል? ሕመሙን ለማወቅ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ እየሠራ መሆኑን እያሳየ ፍጥነቱ ከመነሻው በታች ወርዶ ከቆየ በመጀመሪያ ሙቀትን ይጠርጥሩ። ኮር ቴምፕ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዲግሪውን ራሱን ይነግርዎታል። ከባድ ሥራ ላይ 70ና 80 አያስደነግጥም፤ ቀላል ሥራ ላይ 90 ካለ ግን ላፕቶፑ መከፈት አለበት።

ፕሮሰሰሩንና መዳቡን የሚያገናኘው ቅባት፣ ተርማል ፔስት የሚሉት፣ ዋና ሥራው በመካከል የቀረችውን አየር ማስወጣት ነው። ደኅናው ቅባት ሙቀትን ከአየር ከ100 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። ከዓመታት በኋላ ይደርቃል። አሮጌው ተጠርጎ ሲወጣ ለላፕቶፕ የሩዝ ፍሬ የምታክል ትበቃለች፤ ብዙ መቀባት ጥቅም የለውም።

ያውቁ ኖሯል? በ1971 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢንቴል 4004 ፕሮሰሰር ትራንዚስተሮቹ 2,300 ብቻ ነበሩ፤ ፋን የሚባል ነገር አላስፈለገውም። ያው ኩባንያ በ2004 የ4 ጊጋኸርትዝ ፔንቲየም 4 እቅዱን ሰረዘ፤ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ አላራምድ ብሎ ነበር። ቮልቴጅ ትንሽ ከፍ ሲል ሙቀቱ በካሬው ነው የሚያድገው።

ይህንኑ ወደ ራስዎ ጥቅም ማዞር ይችላሉ። በዊንዶውስ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ከ100 ወደ 99 ያውርዱት። ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ያን ጊዜ ተርቦ የሚባለውን ግልቢያ ይተዋሉ፤ ፍጥነቱ በመጠኑ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ግን ብዙ ጊዜ በግልጽ ይወርዳል። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ልዩነቱ አይታወቅዎትም። ፋን እስኪቀየር ድረስ ለምትጨነቅ ተማሪ ይህችን ቁጥር እንዲነግሯት እለምናለሁ።

ያውቁ ኖሯል? ከማጂ ብርድ ወደ ቆላው ርጥብ ሙቀት የወረደ ላፕቶፕ እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ያልበዋል፤ ላቡ ውስጡም ሊኖር ይችላል። ደርሰው ወዲያው አያብሩት። በቦርሳው እንዳለ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያሳርፉት፤ ቡናው ተፈልቶ አቦል እስኪቀዳ።