እንዶድ በምርመራ ሲታይ

ከአዳማ ብዙም በማይርቀው የወንጂ ስኳር እርሻ ከአዋሽ የተጠለፈው ውሃ ሸንኮራውን እንዳሳደገ ሁሉ ቀንድ አውጣም አራብቷል። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያን ተሕዋስ ይሸከማል፤ በመስኖው ቦይ የሚዋኙ የሠራተኛ ልጆችም በበሽታው ሲያዙ ኖረዋል። በዝዋይ ሐይቅ ዳርም በሽታው አለ። ይህን ቀንድ አውጣ የሚገድለው ተክል ግን ሩቅ አይደለም፤ እንዶድ ነው፣ በኦሮምኛ ሀንዶዴ።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ከ1969 እስከ 1974 እዚያው አድዋ በተካሄደው ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ካሉ ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። በዓለም አቀፍ መመሪያ የተደረገው የደኅንነት ግምገማ የታተመው ግን በ1991 ነው። ከ1964 ጀምሮ 27 ዓመት መፍጀቱ ያንገበግባል፤ የደኅንነቱ ጥያቄ ግን ተገቢ ነበር። ምርመራው እንዶድ በራሂን እንደማይለውጥ፣ ዓይንን ግን ክፉኛ እንደሚያስቆጣ አሳየ። ዓሣም ይገድላል። ስለዚህ ለወንጂ ቦይ የሚታሰበው ነገር ቆሮሶ አስጋሪ ለሚኖርበት ዝዋይ አይሆንም።

የሚጠጣ የባህል መድኃኒትም እንዲህ ያለ የደኅንነት ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ምርመራው የሚጀምረው ተክሉን ለይቶ በማወቅ ነው፤ አንድ ስም በየአካባቢው ለተለያየ ቅጠል ይሰጣልና። ናሙናው ደርቆ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል ይገባል። ቀሪው ጥላ ሥር ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በውሃ ወይም በአልኮል ተዘፍዝፎ ይጣራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ አልኮል የሚያወጣው ንጥረ ነገር ውሃ ከሚያወጣው ይለያል። በአልኮል የተጣራው ጉዳት አላሳየም ማለት፣ እናታችን አፍልታ የምታጠጣን ተመርምሯል ማለት አይደለም።

የተጣራው ለአይጦች በአፍ ይሰጣል፤ በተለመደው መመሪያ እስከ 2,000 ሚሊግራም በኪሎ ክብደት። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በቅርብ፣ ከዚያ እስከ 14 ቀን ይጠበቃሉ። አለመሞታቸው ብቻውን ስለ ጉበትና ኩላሊት የሚናገረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለ28 ወይም ለ90 ቀን በየዕለቱ እየተሰጣቸው ደማቸው ይመረመራል፣ የጉበታቸውና የኩላሊታቸው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ለፅንስ የሚደረገው ምርመራ ደግሞ ለብቻው ነው።

«አያቶቻችን ጠጥተውት ኖረዋል» የሚለው ክርክር ክብር ይገባዋል፤ ቶሎ የሚገድለውን መርዝ ከማይገድለው የለዩልን እነሱ ናቸው። ቀስ ብሎ የሚጎዳውን ግን ልምድ ብቻውን አይለይም፣ ከዓመታት በኋላ የታመመ ጉበት ከየትኛው ቅጠል እንደመጣ ማን ያስታውሳል? የመጠን ነገርም አለ። ለኮሶ ትል ትውልዶች የጠጡት ኮሶ ሲበዛ ዓይን እስከ ማጥፋት ደርሷል፤ በእፍኝ የሚለካ መድኃኒት ደግሞ ሁሌም አንድ ዓይነት አይደለም።

በእኛ አገር እንዲህ ያለውን የደኅንነት ምርመራ ከሚሠሩት መካከል የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የባህልና ዘመናዊ መድኃኒት ምርምር ክፍል ይገኝበታል።

እንዶድን ፅንስ ለማስወረድ የሚጠጡ ሴቶች አሉ። እባካችሁ አትጠጡት፤ የተመረመረው ለቀንድ አውጣ እንጂ ለሆድ አይደለም። ሌላም ቅጠል ጠጥታችሁ ሐኪም ዘንድ ከሄዳችሁ ስሙንና መጠኑን ንገሩት፤ ከተቻለም ቅጠሉን ይዛችሁ ሂዱ።