ትልቅ ቁጥር አያስፈራችሁ

ገበሬ ወንድሞችና እኅቶች! ከደብረ ማርቆስ ገበያ ስትመለሱ «የዘንድሮ ጳጉሜ 5 ናት ወይስ 6?» ተባብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ጎጃም የሊቃውንት አገር ነውና መልሱን የሚነግሩን ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ካህናትና ደብተሮች ነበሩ። አሁን ግን ፊደልና ቁጥር ለይታችኋል። እርሳስና ወረቀት ያዙና እናንተው አስሉት።

በባሕረ ሐሳብ ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ይቆጠራል። 2019 ዓ.ም. ሲደመርበት 7519 ይሆናል። ይህን ለ4 አካፍሉ። 1879 ይደርስና 3 ይተርፋል።

1 ሲተርፍ ዘመኑ ማቴዎስ ነው። 2 ሲተርፍ ማርቆስ፣ 3 ሲተርፍ ሉቃስ ነው። ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። እንግዲህ 2019 ሉቃስ ነው። በሉቃስ ጳጉሜ 6 ትሆናለች፤ በሌሎቹ 5 ናት።

ማካፈሉ ረዘመባችሁ? አቋራጭ አለው። 100 ብር ለ4 ሰው ሲካፈል ለያንዳንዱ 25 ብር ይደርሰዋል፤ የሚተርፍ የለም። አንድ መቶ ካልተረፈው 75 መቶም አይተርፈውም። ስለዚህ 7500ን ተዉትና መጨረሻ ያለውን 19 ብቻ ለ4 አካፍሉ። 4 ጊዜ 4፣ 16፤ 3 ተረፈ። መልሱ ያው ነው!

ይህ ብልሃት ለዘመን ቆጠራ ብቻ አይደለም። ማኅበራችሁ 3746 ኪሎ እህል ለ4 ጎጥ እኩል አካፈለ እንበል። ጸሐፊው «ልክ ደረሰ፣ አንድም ኪሎ አልተረፈም» ቢላችሁ 46ን ተመልከቱ። ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል። «ሁለቱ ኪሎ የት ገባ?» ብላችሁ ጠይቁ።