ኮኳን ከመጥረቢያ ያዳናት ጎረቤት

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ፍቅርም ስለ ትዳርም አይደለም። ስለ ጎረቤት ነው። ጎረቤት ስላችሁ ግን ስኳር የሚበደረው፣ "ቡና ጠጡ" ብሎ የሚጣራው ጎረቤት እንዳይመስላችሁ። የዛፍ ጎረቤት! አዎ፣ ዛፍም ጎረቤት ያስፈልጋታል። ይህን የተማርኩት ደግሞ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ በአንዲት ኮክ የተነሳ እናትና ልጅ ሊቆራረጡ ሲደርሱ አይቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግቢው እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። አከራያችን ባለቤታቸውን በሞት ያጡ እናት ናቸው፤ ሁላችንም "እማማ" ነው የምንላቸው። በግቢው መሀል ሟቹ በእጃቸው የተከሏት አንዲት ኮክ አለች። "በደህናው ጊዜ ለሰፈር ልጅ ሁሉ የምትበቃ ነበረች" ይላሉ እማማ። እኔ ቤቱን ስከራይ ግን ቅጠሏ ቢጫ፣ ቅርንጫፏ ቀጫጫ፣ ፍሬዋም የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ድርቅ ያለ ነገር ነበር።

ልጃቸው የራሱ ትዳር ያለው ትልቅ ሰው ነው። አንድ እሁድ ሜትር ይዞ መጣና ግቢውን ለካ። "እማዬ፣ ይቺ ዛፍ ቦታ ከመያዝ በቀር ምን ትሠራለች? ትቆረጥና አንድ ክፍል እንሥራ፤ በየወሩ ኪራይ ታገኚበታለሽ" አለ። እውነቱን ለመናገር ልጁ ክፉ አይደለም። የእናቱ ጡረታ ለአስቤዛ እንኳ እንደማይበቃ ስለሚያውቅ ነው። እማማ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ዝም አሉና "አባትህን አንዴ ቀብሬዋለሁ። ሁለተኛ አልቀብረውም" አሉ። ልጁ ቡናውን ሳይጠጣ ተነሥቶ ወጣ። ሦስት እሁድ ሳይመጣ ቀረ። እማማም ሦስቱንም እሁድ ቡናቸውን አፍልተው በር በሩን ሲያዩ ዋሉ።

እኔን ምን አገባኝ?

ተከራይ ነኝ፤ ምን አገባኝ? ግን ገባሁበት። ያኔ ትዝ ያለኝ ተማሪ ሳለሁ ለባዮሎጂ ፈተና ብዬ የሸመደድኩት ነገር ነው። የምንተነፍሰው አየር 78 ከመቶው ናይትሮጅን ነው። ተክል ደግሞ ቅጠሉ እንዲለመልምና እንዲያድግ ናይትሮጅን የግድ ያስፈልገዋል። ችግሩ ግን አየር ላይ ያለውን በቀጥታ መውሰድ አይችልም። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ቁልፉ የጠፋበት ሰው በሉት!

ቁልፉን የያዙት ራይዞቢየም የተባሉ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እንደ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ግብጦ ባሉት ተክሎች ሥር ውስጥ ገብተው ትናንሽ እባጮች ይሠራሉ። ባቄላው ስኳር ይመግባቸዋል፤ እነሱ ደግሞ የአየሩን ናይትሮጅን ተክል ሊጠቀምበት ወደሚችል ነገር ለውጠው ይሰጡታል። ያው የቤት ኪራይ መሆኑ ነው። ማርቲኑስ ቤይሪንክ የተባለ ሆላንዳዊ ሳይንቲስት እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ያወጣቸው በ1888 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛ ገበሬ ግን ስማቸውን ሳይሰማ ባቄላ በነበረበት ማሳ ላይ በዓመቱ ገብስና ስንዴ ሲዘራ የኖረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

"እማማ፣ ከኮኳ ሥር ባቄላ እንዝራ" አልኳቸው። ለልጃቸውም ደወልኩለት። "አንድ ክረምት ብቻ ስጣት" አልኩት። ሳቀና "እሺ፣ አንድ ክረምት" አለ። በሚቀጥለው እሁድም መጣ።

ባቄላ አለቀ ቢሉ…

ሰኔ ማለቂያ ላይ ዘራን። ክረምቱ ሲወጣ ግቢው ባቄላ በባቄላ ሆነ፤ እሸቱም ደረሰ። ከዚያማ ምኑ ቅጡ! ልጆቹ፣ ተከራዮቹ፣ ጎረቤቶቹ… እሸት በጥሬው ተበላ፣ ተጠበሰ፣ ተቀቀለ። ባቄላውን ከነሥሩ እየነቀልን ነበር የምንጎርሰው። አገዳውን ደግሞ አንዲት ጎረቤት ለበጎቿ ብላ ተሸክማ ወሰደችው። "ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ" ይላል ያገሬ ሰው። ለግቢያችን ቀለለ፤ ለኮኳ ግን ምንም የቀለለላት ነገር አልነበረም። በዓመቱ ቅጠሏ ያው ቢጫ ነው!

ልጁ መጣና አያት። ወደ እኔ ዞሮም "ባለሙያው፣ እንዴት ነው ታዲያ?" አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። እማማ ምንም አላሉም። ምንም አለማለታቸው ደግሞ ባሰብኝ።

"ለዛፊቱ ምን ተረፋት?"

በዚያው ሰሞን የእማማ ታላቅ ወንድም ከእንጅባራ አካባቢ ለሕክምና መጡ። ዕድሜያቸውን በእርሻ የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት ፀሐይ እየሞቁ ሳለ ኮኳን አዩና "ይቺ ምን ሆና ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ታሪኩን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሳቃቸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

"አንተ ልጅ፣ ፍሬውን ልጅ በላው፣ አገዳውን በግ በላው፣ ሥሩን ነቅላችሁ ጣላችሁት። ለዛፊቱ ታዲያ ምን ተረፋት?"

ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታየኝ ያኔ ነው። ባቄላ በሕይወት ሳለ ያገኘውን ናይትሮጅን አብዛኛውን ለራሱ ነው የሚያደርገው። አበባ እስኪያወጣ ድረስ በቅጠሉና በግንዱ ያጠራቅመዋል፤ ፍሬ ሲይዝ ደግሞ ወደ ፍሬው ያሻግረዋል። አጠገቡ ያለችው ዛፍ በደንብ የምትጠቀመው ቅጠሉና ሥሩ እዚያው አፈር ላይ ሲበሰብስላት ነው። እኛ ያደረግነው እንግዳ ጠርቶ፣ ገበታ ዘርግቶ፣ እንግዳው እጁን ሳይሰድ ገበታውን ማንሳት ነበር።

ሽማግሌው "ግብጦ ዝሩባት" አሉ። በእነሱ አገር ግብጦ የደከመ መሬት ላይ ይዘራል። ፍሬው መራራ ስለሆነ ሰው የሚበላው ቀቅሎና ለቀናት በውሃ ዘፍዝፎ መራራውን ካወጣ በኋላ ነው፤ አረቄም ይወጣዋል። "መራራነቱ ለእናንተ ግቢ ጥሩ ነው፤ ማንም እየነጨ አይጨርሰውም" ብለው ሳቁ። እኔ በኋላ እንዳነበብኩት ደግሞ የግብጦ ሥር ከናይትሮጅኑ በተጨማሪ አፈር ጨብጦ የያዘውን ፎስፈረስም ያስለቅቃል።

ነገሩ የአንድ ሰፈር ብልሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚያው አዊ ውስጥ በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ለከሰል ሲተክል ቆይቷል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሀል ጤፍ ይዘራል፤ ዛፉ አድጎ ከተቆረጠ በኋላም መሬቱ ለእህል ይመለሳል። ዲከረንስም ናይትሮጅን ከአየር የሚያመጣ ዛፍ ነው። ደቡብ ብትወርዱ ደግሞ የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን ከእንሰትና ከጥላ ዛፍ ጋር አብሮ ነው የሚያሳድገው፤ ከጥላ ዛፎቹ አንዱ ብርብራ ከእነ ባቄላ ወገን ነው። ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። "ሩቅ ካለ ዘመድ ቅርብ ያለ ጎረቤት" የሚባለው ለካ ለዛፍም ይሠራል!

ሽማግሌው ከመሄዳቸው በፊት የእህታቸውን ልጅ ጠርተው "ይችን ዛፍ አንድ ክረምት ጨምርላት። በእኔ ይሁንብህ" አሉት። አጎት ሲናገር እምቢ አይባልም፤ እሺ አለ።

ሁለተኛው ክረምት

ሽማግሌው የግብጦ ዘር ላኩልን። ከዘሩ ጋር ደግሞ በፌስታል የተቋጠረ አፈር አለ! "አፈር ምን ያደርግልናል?" ብለን ሳቅን። ለካ ትልቁ ምስጢር እሱ ኖሯል። ሁሉም ጥራጥሬ ከሁሉም ባክቴሪያ ጋር አይስማማም። ግብጦ ተዘርቶበት በማያውቅ መሬት የግብጦ ባክቴሪያ ላይኖር ይችላል። ግብጦ ከኖረበት ማሳ የመጣ እፍኝ አፈር ግን ባክቴሪያውን ይዞ ይመጣል።

መጀመሪያ ከኮኳ ሥር የወረረውን ሰርዶ ነቀልን። የልብስ አጠባ እጣቢ ሁሉ እዚያ ነበር የሚደፋው፤ እሱንም ከለከልን። ከግንዷ ግማሽ ሜትር ያህል ርቀን፣ የቅርንጫፏ ጥላ እስከሚያልቅበት ድረስ ግብጦና ባቄላ ቀላቅለን ዘራን።

አበባው ግጥም ሲል ጭቅጭቅ መጣ። ማጭድ ይዤ ስቀርብ እማማ እጄን ያዙኝ። "አበባ ላይ ያለ እህል ማጨድ ግፍ ነው!" አሉ። ወንድማቸው ጋ ተደወለ። "ግፍ አይደለም፤ ለዛፊቱ ድግስ ነው። እጨዱት" አሏቸው። እማማ ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት ገቡ፤ እኔም አጨድኩት። ሥሩን አልነካሁም፤ ከአፈሩ በላይ ብቻ ቆርጬ ቅጠሉንና አገዳውን እንደ በዓል ጉዝጓዝ ከሥሯ ጎዘጎዝኩላት። አንዷን ባቄላ ብቻ ለማየት ነቀልኳትና እባጯን በጥፍሬ ሰነጠቅኳት። ውስጧ እንደ ሥጋ ቀላ ያለ ነበር። ይህ ማለት ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ለፈተና የሸመደድኩትን ነገር በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ አሻራ ስንቶቻችን የአቮካዶ ችግኝ ተክለናል? ከተከልን በኋላስ ጎረቤት የሰጠናት ስንቶቻችን ነን? እንግዲህ ከእኔ ስህተት ተማሩ።

አንደኛ፣ በሽታዋን እወቁ። ናይትሮጅን ያነሳት ዛፍ ቀድሞ የሚቢጫባት የታችኛውና ያረጀው ቅጠሏ ነው። አዲሱ ቅጠል ብቻ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ የቆመች አቮካዶ ደግሞ ሥሯ እየበሰበሰ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ውሃውን አፍስሱላት።

ሁለተኛ፣ ለአገራችሁ አየር የሚስማማውን ምረጡ። ለደጋ ባቄላ፣ አተርና ግብጦ ይሆናል፤ ሰፊ ቦታና በግ ያለው ሰው ትሪ ሉሰርን በአጥሩ ዳር ይትከል፤ ቅጠሉን ለበግ፣ ፍጉን ለዛፍ። ማንጎና ፓፓያ በሚበቅልበት ቆላ የርግብ አተር ጥሩ ነው። ቦታ የጠበባችሁ የከተማ ሰዎች አብሽ ዝሩ፤ እሱም ከዚሁ ወገን ነው።

ሦስተኛ፣ ቆባ ያለው ሁሉ ናይትሮጅን ያመጣል ብላችሁ አትታለሉ። ሽፈራው ቆባ አለው፤ ጃካራንዳም አለው፤ ሁለቱም ይህን ሥራ አይሠሩም። ባህር ዛፍማ ጎረቤት ሳይሆን ባላንጣ ነው፤ ውሃውንም ምግቡንም ይሻማል።

አራተኛ፣ አትቆፍሩ። የአቮካዶና የብዙ ፍራፍሬ ሥር ከላይ ከላይ ነው የሚሄደው። በጣት ጭራችሁ ዝሩ፤ በማጭድ እጨዱ። ጉዝጓዙም ግንዱን አይንካ። እየወጣ የሚጠመጠም አደንጓሬ ከሆነ ደግሞ ከትንሽ ችግኝ አርቁት፤ አንቆ ይይዛታል።

አምስተኛ፣ እሸት ካማራችሁ ብሉ፤ ማን ይከለክላችኋል? ግን ግማሹን ለእናንተ፣ ግማሹን አበባ ላይ ሳለ ለዛፊቱ አድርጉ። የበላችሁትንም ቢሆን ሥሩን አትንቀሉ። ግብጦ የዘራችሁ ደግሞ ልጆች ጥሬውን እንዳይቀምሱ ጠብቁ፤ ይመርዛል።

በመጨረሻ፣ አትብዙባት። ናይትሮጅን የበዛባት ዛፍ ቅጠል በቅጠል ሆና ፍሬ ትረሳለች። ቅጠሏ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ፍሬ ከሌላት "ጨምሩላት" ሳይሆን "ተዉአት" ነው መድኃኒቷ።

ኮኳስ?

በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ቅጠሏ ሌላ ዛፍ አስመሰላት። ያዳናት ግብጦው ብቻ ነው ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። ሰርዶው ተነሥቶላታል፤ እጣቢውም ቀርቶላታል። ሁሉም ተረዳድቶ ነው። ፍሬዋም እንደ ድሮው ለሰፈር ልጅ ሁሉ አልበቃም፤ አንድ ትሪ ሞላ። ግን ጉንጭ የሚሞላ፣ ውሃው አገጭ ላይ የሚወርድ ኮክ ነበር።

እማማ የመጀመሪያውን አልበሉትም። እሁድ እስኪደርስ አስቀምጠው ለልጃቸው ሰጡት። ልጁ ቆሞ በላና ዘሩን በእጁ ይዞ ዛፊቱን ብዙ አያት። "የአባባ ኮክ እንዲህ ነበር የሚጥመው" አለ። ከዚያ በላይ የተናገረው የለም።

የክፍሉ ነገር አልሞተም፤ ኑሮው እንዲህ ተወድዶ እንዴት ይሙት? ባለፈው እሁድ ሜትሩን ይዞ መጥቶ ነበር። የለካው ግን ጓሮውን ነው። እኔም ዘንድሮ ሰኔ ሲያልቅ የምዘራውን ግብጦ ከአሁኑ አዘጋጅቻለሁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ለእናንተም ለዛፎቻችሁም ደግ ጎረቤት አያሳጣችሁ። ቸር ሰንብቱ!