የዓመቱ ሐሳብ በግድግዳ ላይ

አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከሌላው ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። ተራው እስኪደርስ ዝናቡ ሊያልፈው ይችላል። ሁለተኛ በሬ ለመግዛት ማሰቡ ደግ ነው፤ ግን ሐሳቡ በልብ ብቻ ከቀረ ብሩ በድግስ ያልቃል።

እንግዲህ ሐሳባችሁን በትልቅ ወረቀት ላይ አስፍሩት። ፊደል ያልቆጠረ የቤት ሰው እንዲያውቀው በሬ ሣሉበት። ባያምርም ግድ የለም፤ በሬ መሆኑ ይታወቅ እንጂ። ከሥሩ ዋጋውን ጻፉ። ገንዘቡ ከየት እንደሚገኝም ባልና ሚስት ተማክራችሁ ጻፉ፦ ከበግ ስንት፣ ከዶሮ ስንት። ዶሮዋ እንቁላል የታቀፈችበት ቀን ይጻፍ፤ ጫጩት በ21 ቀን ይፈለፈላል። በመስከረም የተፈለፈለው አውራ ለፋሲካ ገበያ ይደርሳል። ጭልፊትና ፈንግል አሉና ጫጩቱን ሁሉ እንደ ብር አትቁጠሩት። ብር በገባ ቁጥር መጠኑን መዝግቡ። ወረቀቱን ከምድጃው አርቃችሁ ለጥፉት፤ ጭስ ያጠቁረዋል።