ሀብታም መንደር ደኅና መንደር ነውን?
የሰፈር ደኅንነት በቁጥር ሲመዘን

በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸው ወደ አሥራዎቹ ዕድሜ ሲገቡ በብዛት ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «ወዴት ብንዛወር ይሻላል?» የሚለው ነው፡፡ በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉትን ብንወስድ፣ ብዙዎቹ ኑሯቸውን የጀመሩት በከተማው ውስጥ፣ አለዚያም በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አፓርታማዎች ነው፡፡ ገቢያቸው ሲሻሻል ዓይናቸው ወደ ቤተስዳና ወደ ፖቶማክ፣ በቨርጂኒያም በኩል ወደ ፌርፋክስ ካውንቲ ውድ መንደሮች ያማትራል፡፡ ለቤቱ የሚከፈለው ተጨማሪ ገንዘብ ሁለት ነገሮችን እንደሚገዛ ይታሰባል፤ ጥሩ ትምህርት ቤትንና ደኅንነትን፡፡ ስለ ትምህርት ቤቱ የሙያው ባለቤቶች ይጻፉ፡፡ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለተኛው፣ ደኅንነት የሚባለው ነገር፣ በምን ሊለካ እንደሚችል ማስረዳት ነው፡፡

አንባቢ «ይህን ከፊዚክስ ጋር ምን አገናኘው?» ይል ይሆናል፡፡ ጥቂት ክስተቶችን ቆጥሮ ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን እውነት መገመት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ የዘወትር ሥራ ነው፡፡ በጋይገር ቆጣሪ ጨረር የሚለካ ተማሪ በመጀመሪያው ደቂቃ 4፣ በሁለተኛው ደቂቃ 8 ምት ቢመዘግብ «የጨረሩ መጠን በእጥፍ ጨመረ» ብሎ ቢጽፍ ከመምህሩ ቀይ መስመር አያመልጥም፡፡ በአንድ መንደር አምና 4 ቤቶች፣ ዘንድሮ 8 ቤቶች ተሰበሩ ሲባል ግን «ሌብነት በእጥፍ ጨመረ» የሚለውን ዜና የሰማ ላልሰማ ያዳርሰዋል፤ ቀይ መስመር የሚያሰምርም አይገኝም፡፡

ሁለቱ ቆጠራዎች በአንድ ሕግ ይገዛሉ፡፡ እርስ በርሳቸው ሳይገናኙ በዘፈቀደ የሚከሰቱ ነገሮችን ስንቆጥር፣ የቆጠራው የተለመደ መዋዠቅ የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ወይም ዳግም ዘር ያህል ነው፡፡ 4 ስንቆጥር መዋዠቁ 2 ገደማ፣ 8 ስንቆጥር 2.8 ገደማ ይሆናል፡፡ የሁለቱ ዓመታት ልዩነት 4 ሲሆን፣ የልዩነቱ መዋዠቅ ደግሞ የ12 ዳግም ዘር፣ ማለትም 3.5 ያህል ነው፡፡ እንግዲህ «እጥፍ» የተባለው ለውጥ ከተራ መዋዠቅ እምብዛም አይበልጥም፡፡ ቁጥሮቹ 400 እና 800 ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ 400፣ መዋዠቁ 35 ብቻ ስለሚሆን በእርግጥ የተለወጠ ነገር አለ ለማለት ይቻላል፡፡ ሀብታም መንደሮች ትንንሽ በመሆናቸውና ወንጀልም ስለማይበዛባቸው ቁጥሮቻቸው ዘወትር ከመጀመሪያው ዓይነት ናቸው፡፡ ስለዚህ የአንድ ዓመት አኃዝ ብቻውን ስለ እንዲህ ያለ መንደር የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው፤ ቢያንስ የአምስት ዓመት ድምር መመልከት ያስፈልጋል፡፡

ይኸው ሕግ በካርታ ላይም ይሠራል፡፡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀርመኖች ቪ 1 የተባሉ አብራሪ አልባ ቦምቦች በለንደን ላይ ሲያዘንቡ፣ አንዳንድ ሰፈሮች ደጋግመው ሲመቱ ሌሎቹ ሳይነኩ በመቅረታቸው ሕዝቡ ጠላት ሰፈር እየመረጠ ነው ብሎ ነበር፡፡ የኢንሹራንስ ስሌት ባለሙያ የነበረው አር. ዲ. ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጣው አጭር ጽሑፍ ደቡብ ለንደንን እያንዳንዳቸው ሩብ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሆኑ 576 ክፍሎች ከፍሎ 537 ቦምቦች የወደቁባቸውን ቦታዎች ቆጠረ፡፡ 229 ክፍሎች አንድም ቦምብ አልወደቀባቸውም፤ 211 ክፍሎች አንድ አንድ፣ 93 ሁለት ሁለት፣ 35 ሦስት ሦስት፣ 7 አራት አራት ደረሳቸው፤ አንዱ ክፍል ከዚያም በላይ ተመታ፡፡ ቦምቦቹ ያለ ምንም ምርጫ ቢበተኑ የፕዋሶን ስርጭት የሚተነብየው ባዶ ክፍል 227 ያህል፣ አንድ ቦምብ ያለበት 211 ያህል ነው፡፡ መመሳሰሉ ያስገርማል፡፡ ቦምቦቹ ሰፈር አልመረጡም፤ ዘፈቀደ ራሱ ክምችትና ባዶ ቦታ ይፈጥራል፡፡ የወንጀል ካርታ ከፍቶ «እዚህ ሦስት ቀይ ነጥቦች አሉ፤ ከዚያ ማዶ ግን ምንም የለም» የሚል ቤት ገዢ በለንደን ሰዎች ቦታ ቆሟል ማለት ነው፡፡ ይህ ሲባል ግን ወንጀል ሁሉ ዘፈቀደ ነው ማለት አይደለም፡፡ ለዓመታት በአንድ መንገድ ማዕዘን የሚደጋገም ዝርፊያ እውነተኛ ምክንያት አለው፤ ከመዋዠቅ የሚለየውም መደጋገሙ ነው፡፡

ለስንት ሰው? የቱ ወሰን?

የተቆጠረው ከታወቀ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ አካፋዩ ነው፡፡ በአሜሪካ ወንጀል የሚገለጸው ለ100,000 ነዋሪ በሚደርሰው መጠን ነው፡፡ 2,000 ነዋሪዎች ባሉት፣ ነገር ግን ትልቅ የገበያ አዳራሽ በሚገኝበት አካባቢ በዓመት 50 ስርቆቶች ተመዘገቡ እንበል፤ ይህ ለ100,000 ሰው 2,500 ይሆናል፡፡ 20,000 ነዋሪዎች ባሉት ጎረቤት አካባቢ ደግሞ 300 ስርቆቶች ቢኖሩ መጠኑ 1,500 ነው፡፡ የመጀመሪያው የባሰ ይመስላል፡፡ ነገር ግን ገበያው በየቀኑ 30,000 ሰው የሚያስተናግድ ከሆነና የተሰረቀው የሱቅ ዕቃ ከሆነ፣ ከገበያው ጀርባ በሚገኝ ቤት ለሚያድር ልጅ ያ ቁጥር ምንም አይነግረውም፡፡

ወሰኑም እንዲሁ ያሳስታል፡፡ በሜሪላንድ ቤተስዳ፣ ፖቶማክና ሲልቨር ስፕሪንግ የራሳቸው ከንቲባና ማዘጋጃ ቤት ያላቸው ከተሞች አይደሉም፤ ለሕዝብ ቆጠራ ሲባል ወሰን የተሰመረላቸው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ክፍሎች ናቸው፡፡ ካውንቲው እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ ከ1,060,000 በላይ ሕዝብ ነበረው፤ ፖሊሱም ሥራውን በስድስት ዲስትሪክቶች ከፋፍሏል፡፡ «ሲልቨር ስፕሪንግ» የሚለው የፖስታ አድራሻ ለቆጠራ ከተሰመረው ወሰን አልፎ ሰፊ አካባቢ ይሸፍናል፡፡ ስለዚህ በአንድ ስም ሦስት የተለያዩ ሥፍራዎች፣ ሦስት የተለያዩ አካፋዮች ሊኖሩ ይችላሉ፡፡

ቆጠራው ራሱም ሙሉ አይደለም፡፡ የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ከፖሊስ ጣቢያዎች አኃዝ ይሰበስባል፡፡ በ2021 ወደ አዲስ የአመዘጋገብ ሥርዓት ሲሸጋገር የኒው ዮርክንና የሎስ አንጀለስን የመሰሉ ታላላቅ ፖሊሶች የዚያን ዓመት መረጃ ሳያስገቡ ቀሩ፡፡ ከ1973 ጀምሮ በየቤቱ ሰው እየጠየቀ የሚካሄደው ጥናት ደግሞ ከኃይል ወንጀሎች ለፖሊስ የሚነገረው ግማሽ ያህሉ እንኳ እንዳልሆነ ያሳያል፡፡ ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ነገር ግልጽ ነው፡፡ በ1991 ለ100,000 ሰው 758 የነበረው የተመዘገበ የኃይል ወንጀል በ2024 ከግማሽ በታች ወርዷል፡፡ በእነዚሁ ዓመታት ስለ ወንጀል ሲጠየቅ የአገሬው ሕዝብ አብዛኛውን ጊዜ «ከአምና ብሷል» ብሎ ነው የሚመልሰው፡፡

የሚያስፈራውና የሚጎዳው

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሌባና ስለ ወንበዴ ነው፡፡ በአፍላ ወጣት ላይ የተደቀነው አደጋ ግን ከዚህ የተለየ መልክ አለው፡፡ በአሜሪካ ልጆችና አፍላ ወጣቶችን በመግደል ለአሥርት ዓመታት በአንደኛነት የቆየው የመኪና አደጋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የጦር መሣሪያ ቀደመው፡፡ ከጦር መሣሪያ ሞቶች ውስጥ ጉልህ ድርሻ ያለው ራስን ማጥፋት በመሆኑ፣ አደጋው የሚመጣው በመስኮት ዘሎ ከሚገባ እንግዳ ብቻ አይደለም፡፡ ልጅ የሚውልበት የጓደኛ ቤት መሣሪያ እንዳለው፣ ካለውም ተቆልፎ መቀመጡን መጠየቅ ለእኛ ባህል ነውር ሊመስል ይችላል፤ በዚያ አገር ግን የሕፃናት ሐኪሞች ራሳቸው የሚመክሩት ጥያቄ ነው፡፡

ወደ መኪናው እንመለስ፤ ሀብታሙ መንደር የሚታማው በዚህ ነውና፡፡ ቤቶቹ ተራርቀው፣ ከሱቅና ከአውቶቡስ ርቀው የተሠሩ ስለሆኑ ልጅ ወይ ይነዳል ወይ ሌላ ልጅ ይነዳዋል፡፡ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 19 የሆኑ ሾፌሮች በተጓዙት ርቀት ልክ ሲሰላ፣ ሰው የሚሞትበት ግጭት የሚደርስባቸው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሦስት እጥፍ ገደማ ነው፡፡ እኩዮቻቸውን ሲያሳፍሩ ደግሞ ይብሳል፡፡ የሜሪላንድ ሕግ ጀማሪውን ወጣት 60 ሰዓት ከአዋቂ ጋር እንዲለማመድ፣ ጊዜያዊ ፈቃድ ካገኘም በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 151 ቀናት ከቤተሰቡ ውጭ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተሳፋሪ እንዳይጭን የሚያስገድደው በዚህ የተነሣ ነው፡፡

እግረኛውስ? የአንድ መኪና የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና 50 ከሚሄደው እጥፍ ያህል ኢነርጂ ይሸከማል፡፡ ሾፌሩ አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1.5 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ፍሬኑም ፍጥነቱን በየሰከንዱ 7 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል ብለን እናስላ፡፡ በ50 የሚሄደው መኪና 35 ሜትር ገደማ ተጉዞ ይቆማል፡፡ በ70 የሚሄደው ግን ገና ፍሬን ሳይረግጥ 29 ሜትር ስለሚያልፍ፣ የመጀመሪያው መኪና በቆመበት ቦታ ላይ ሲደርስ አሁንም በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል፡፡ በዚያ ቦታ ልጅ ቢኖር በአንደኛው ይተርፋል፤ በሁለተኛው የሚሆነውን መገመት አያዳግትም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የአሜሪካ ጥናት መኪና የገጨው እግረኛ የመሞት ዕድሉ በ37 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 10 በመቶ፣ በ68 ኪሎ ሜትር 50 በመቶ መሆኑን አስልቷል፡፡ በመንደሮቹ ዳር የሚያልፉ ዋና መንገዶች የፍጥነት ወሰናቸው ብዙውን ጊዜ ከ56 እስከ 72 ኪሎ ሜትር ነው፤ የእግረኛ መንገድ የሌላቸውም አሉ፡፡

በአማካይ ቁጥር ውስጥ ጭራሽ የማይታዩ ሁለት ነገሮች ደግሞ አሉ፡፡ አንደኛው በቤቶቹ ውስጥ ያለው ነው፡፡ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ፕሮፌሰር ሱንያ ሉታር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥናቶች በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ያሉ የሀብታም መንደር ተማሪዎችን በከተማ ካሉ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች ልጆች ጋር አነጻጽረው ነበር፡፡ በአልኮል፣ በሲጋራና በዕፅ አጠቃቀም እንዲሁም በጭንቀት ብልጫ የታየው ከሀብታሞቹ ዘንድ ነው፡፡ ሉታር ምክንያቱን የፈለጉት ከመጠን ባለፈ የውጤት ግፊትና በወላጆችና በልጆች መካከል በተፈጠረው ርቀት ውስጥ ነው፡፡ ገንዘብ ያለው ተማሪ ዕፁን ለመግዛት እንደማይቸገር መጨመር ይቻላል፡፡

ሁለተኛው ለወገኖቻችን ልጆች ይበልጥ የቀረበ ነው፡፡ የመንደሩ አማካይ የሚነግረን ስለ አማካዩ ነዋሪ እንጂ ስለ አንድ የተወሰነ ልጅ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በየካቲት 26 ቀን 2012 በፍሎሪዳ ሳንፎርድ ከተማ፣ አጥርና በር ባለው የመኖሪያ መንደር ውስጥ፣ ትሬይቨን ማርቲን የተባለ የ17 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ለእንግድነት ካረፈበት ቤት ወጥቶ ከሱቅ ሲመለስ በሰፈር ጥበቃ በጎ ፈቃደኛ ተተኩሶበት ሞተ፡፡ ተኳሹን በማግስቱ ዓመት ጁሪው ራሱን ለመከላከል ነው በማለት በነፃ አሰናበተው፡፡ አጥሩም፣ በሩም፣ ጥበቃውም የቆሙት ለነዋሪው ደኅንነት ነበር፡፡ «ይህ ማነው?» ተብሎ የሚታይ ልጅ ያለው ወላጅ ቁጥሩን ሲያነብ ይህን ጥያቄ አብሮ ማንበብ ይኖርበታል፤ መልሱንም የሚያገኘው ከሠንጠረዥ ሳይሆን በመንደሩ ከሚኖሩና ልጆቻቸውን በዚያ ካሳደጉ ጥቁር ቤተሰቦች ነው፡፡

ቤት ከመግዛት በፊት ሊደረግ የሚገባ አንድ መለኪያ ግን በማንም እጅ ያለ ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው ቢሠሩት ይመረጣል፡፡ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት በሚሄድበት መንገድ ዳር፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ፣ በሁለት የመብራት ምሰሶዎች መካከል ያለውን ርቀት በእርምጃ ወይም በሜትር ይለኩ፡፡ ርቀቱ 40 ሜትር ሆኖ መኪናው በ2 ሰከንድ ካለፈው ፍጥነቱ በሰከንድ 20 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነው፡፡ በእጅ በሚያዝ ሰዓት 0.2 ሰከንድ ስህተት ስለማይቀር አንዱ ልኬት እስከ 10 በመቶ ሊያሳስት ይችላል፤ ስለዚህ 25 መኪናዎች ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይህን ዘፈቀዳዊ ስህተት ወደ 2 በመቶ ያወርደዋል፡፡ ጠዋት ተማሪ ሲወጣ አንድ ጊዜ፣ ዓርብ ማታ ደግሞ አንድ ጊዜ መለካት ይገባል፡፡