ባሕር በአቃቂ

በአቃቂ ቃሊቲ የሚኖር አንድ ወዳጃችን የመስተዋት ገንዳውን ውሃ ከሞላው አምስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ እስካሁን ግን አንድም ዓሣ አላስገባበትም። በውስጡ ያለው አሸዋ፥ ድንጋይና ጨዋማ ውሃ ብቻ ነው። የግቢው ሰዎች ድንጋይ ያረባል እያሉ ያሙታል። እኛም ባለፈው እሑድ ሄደን ስናየው ከሐሜተኞቹ ወገን ለመሆን ጥቂት ቀርቶን ነበር።

ወዳጃችን የሚመኘው ኮራል ማሳደግ ነው። ኮራል መልኩ ድንጋይ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው፤ በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ደቃቅ ዋቅላሚዎች ከብርሃን ምግብ ያዘጋጁለታል፥ እርሱም ከባሕሩ ውሃ ካልሲየም እየወሰደ አፅሙን ይሠራል። በቤት ለማኖር ለአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ያህል የባሕር ጨው፥ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሙቀት፥ ብርቱ መብራትና የማያቋርጥ የውሃ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለመቶ ሊትር ገንዳ ሦስት ኪሎ ተኩል ጨው መሆኑ ነው። አንባቢያችን የወጥ ጨው አይበቃምን? ይለን ይሆናል። አይበቃም፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም በሚገባው መጠን የለበትምና።

ዓሣው የዘገየበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። የዓሣ ኩስ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያም መርዝ ነው። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፥ ናይትራይቱንም ጉዳቱ ወደ ቀለለው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በድንጋዩ ላይ እስኪራቡ ሳምንታት ያልፋሉ። እኛ ተማሪዎች ሳለን ሁለት የወንዝ ዓሦች በቧንቧ ውሃ ውስጥ አኑረን በሦስተኛው ቀን ቀብረናቸዋል። ክሎሪን የሚባል ነገር መኖሩን የሰማነው ከቀብሩ በኋላ ነው።

አቃቂ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፥ እዚያ ያለ ውሃ የሚይዘው ኦክስጂን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። መብራት በጠፋ ጊዜ ፓምፑ ከቆመ ነገሩ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ወዳጃችን በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ አስቀድሞ የገዛው ለዚህ ነው፤ ከዓሣው በፊት መግዛቱን እኛ ብልህነት ብለነዋል።

ቀይ ባሕር በሀገራችን ካርታ ላይ በነበረበት ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1954 የታየው የፎልኮ ኩዊሊቺ ፊልም የዳህላክን ኮራሎች ለዓለም አሳይቶ ነበር። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ ሀገር ከሆነች ወዲህ ግን ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ሆኖም የኮራል አለት አላት፤ ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ወደ ዳናኪል ዝቅተኛ ምድር ገብቶ ነበርና፥ የሞቱት ኮራሎች ዛሬም በአፋር በደረቅ መሬት ላይ ይታያሉ። የአቃቂም ወንዝ በአባ ሳሙኤል በኩል ከአዋሽ ጋር ተቀላቅሎ ወደ አፋር ይወርዳል፤ ነገር ግን አዋሽ በአቤ ሐይቅ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። አባ ሳሙኤልንም በእምቦጭ የሸፈነው ከከተማው የሚወርደው ቆሻሻ ነው፤ ወዳጃችን በገንዳው ውስጥ በጠብታ የሚለካው ናይትሮጅን በዚያ እምቦጩን ይቀልባል።

ከውጭው ዓለም የሚሰማውም ደስ አያሰኝም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 እስከ መጋቢት 2025 ባለው ጊዜ ከዓለም የኮራል አለቶች 84 በመቶ ያህሉን ኮራል የሚያነጣ ሙቀት ነክቷቸዋል። ኮራሉ ሲሞቅበት ዋቅላሚዎቹን አውጥቶ ይነጣል፥ ሙቀቱ ከቆየም ይራባል። ድንጋያማ ኮራሎች ንግዳቸው በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ስለዚህ ከጅቡቲ ዳርቻ ቆርሶ በሻንጣ ማምጣት ዘዴ አይደለም። አሁን በየሀገሩ ያሉ አርቢዎች ከአንድ ኮራል ቁራጭ ቆርሰው ሌላ ያሳድጋሉ፤ ክላውን የተባለውም ባለነጭ መቀነት ዓሣ በገንዳ ይራባል። ወዳጃችን ከእነዚህ በቀር አልገዛም ብሏል።

ልንሰናበተው ስንል በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቀድቶ ጠብታ ጨመረበትና ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገው። ውሃው ወይን ጠጅ ሆነ፤ ናይትራይቱ ገና አልወረደም። ዓሣው ለሚመጣው እሑድም አይደርስም።